ካሴቱ እስኪገለበጥ

የማትሪክ ፈተናዬን ተፈትኜ ከወልድያ ወደ ላሊበላ በተመለስኩበት ዓመት፣ ሰኔ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሙሾ ሊሰበስቡ መጡ። «ልንሰበስብ» ነው ያሉት፤ ሙሾ እንደ ቃሪያ ከጓሮ የሚለቀም ይመስል። ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ነበሩ። ወንድሜም እዚያው ክፍል ተማሪ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ቆይቷል። አልተለቀሰለትም።

አልተለቀሰለትም ስል ረስተነው አይደለም፤ ተከልክለን ነው። በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ይግቡ ቢባል አልገባም። እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። ልጅዎ አዲስ አበባ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል አላት፣ ዓይኑን ሰፌዱ ላይ ተክሎ። ለቅሶ መቀመጥ፣ ጥቁር መልበስ፣ ሰው መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አከለ። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሬሳውስ አለችው። እሱም የለም አላት። ከዚያ ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሰውዬው ባዕድ አልነበረም። የጎረቤት ልጅ ነው። ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት፣ ወንድሜ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፣ ሳጥኑን በአህያው ጭኖ እስከ ወልድያ የሸኘው እሱ ነው። እናቴ «አንተ» ነበር የምትለው፤ ስትቆጣው ደግሞ «አንተ ሰነፍ»። ከዚያ ጠዋት ወዲህ እርስዎ ትለው ጀመር። ያንን አክብሮት በሰማ ቁጥር እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱ ይቀላ ነበር።

እናቴ ሙሾ አውራጅ ናት። ከብልባላ ድረስ በቅሎ ተልኮ ትወሰዳለች። ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ሟቹ እንዴት ያርስ እንደነበር፣ ማንን ይወድ እንደነበር፣ በምን ይስቅ እንደነበር ትጠይቃለች፤ ከዚያ ቆማ ታወርዳለች። በእኛ አገር አውራጇ ግጥሟን ስትጨርስ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ሴቶቹ ስሙን ተቀብለው ደረታቸውን እየደቁ ይደጋግሙታል። ስም ያልተጠራበት ለቅሶ፣ ለቅሶ ተብሎ አይቆጠርም።

ወንድሜ ከሞተ በኋላም በሰው ለቅሶ ላይ ማውረዷን አልተወችም። እንዲያውም ባሰባት። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ሞቶ እሷ ሳያሸት ስለ ታጨደ እህል ታወርዳለች። ሴቶቹ ገብቷቸዋል፤ ዝም ብለው ይቀበሏታል። ስሙ ላይ ስትደርስ ግን የሽማግሌውን ስም ትጠራለች። እዚያች ቦታ ላይ በደረሰች ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ቀን ትስታለች እላለሁ። አንድ ቀን የሌላውን ስም ልትጠራ አፏን ከፍታ የእሱ ይወጣል።

ቢወጣ ምን ይመጣል የሚል ካለ፣ ታች ሰፈር አንዲት እናት ነበረች። ምንጭ ወርዳ ብቻዬን ነኝ ብላ የልጇን ስም እየጠራች አለቀሰች። ተወሰደች። ስትመለስ ሰላም ሲሏት የምትሸሽ ሴት ሆና ነበር። እኔ ደግሞ ከእናቴ ሌላ ለራሴም እፈራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መግባት እፈልጋለሁ። ነጥብ ብቻውን አይበቃም ይባላል፤ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ላይ ማኅተም የሚመታው ያው ሰውዬ ነው። ወልድያ ሆኜ ስንቄን እየቆጠብኩ፣ በኩራዝ ዓይኔን እያጠፋሁ የተማርኩት ሁሉ በእናቴ ምላስ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኝ ነበር።

ተማሪዎቹን ያመጣቸው ራሱ ሊቀ መንበሩ ነው። መምህራቸው ሌሎቹን ይዞ ወደ ወገል ጤና ሄዷል፤ ሁለቱ ለላስታ ተመድበዋል። የሰፊውን ሕዝብ ባህል እንዲያጠኑ ከአውራጃው የተፈቀደበት ወረቀት ይዘዋል። ጥሩ ሙሾ አውራጅ ማን ናት ብለው ቢጠይቁ የጠየቁት ሰው ሁሉ እናቴን ጠቆመ። ሊቀ መንበሩ ደጃችን ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ትብብር ይደረግላቸው ተብሏል አላት፤ ሌላ ቤት ልወስዳቸው ሞክሬ አልተሳካልኝም እንደ ማለት።

አንደኛዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሱሪ ለባሽ፣ ሳቂታ፣ ዳገቱ የጫማዋን ሶል ገንጥሎባት በገመድ አስራው የመጣች። ሁለተኛው ቴፕ ተሸካሚው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባለ ቴፑ ነበር የሚለው። ቀጭን፣ ከጓደኛው በዕድሜ የሚበልጥ፣ ገና በወጣትነቱ ጠጉሩ በጎን በጎኑ የሸበተ። ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚቀመጠው። እናቴ አንዴ አየችውና ጓዳ ገብታ ይሄ ታስሮ የወጣ ነው አለችኝ። በምን አወቅሽ ብላት ሽሮውን ማማሰል ቀጠለች።

ልጅቷን እኔ ወረስኳት። ልብስ ልናጥብ ምንጭ ስንወርድ ስለ ዩኒቨርሲቲ እጠይቃታለሁ፤ ስንወጣም እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ሰልፍ ነው። ለምሳ ሰልፍ፣ ለእራት ሰልፍ፣ ለመታጠቢያ ሰልፍ። የሴቶቹ ማደሪያ አልጋው ተደራራቢ ነው፤ እሷ ላይኛው ላይ ስለሆነች የጣሪያውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ የሚያዘው ሻርፕ ወንበር ላይ ጥሎ በመሄድ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ስለሆነ በሰዓት እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ ልብ የሚሰቅለው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ተራዋ ያልቅና የመጽሐፉ ልጅ ምን ሆነች ብላ ለሚቀጥለው አንባቢ ሻይ ገዝታ ትጠይቃለች። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። የልቦለድ ክፍለ ጊዜ፣ የግጥም ክፍለ ጊዜ፣ የፎክሎር ክፍለ ጊዜ። ተቀምጦ ልቦለድ ማንበብ እንደ ሥራ የሚቆጠርበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ምንጩ ላይ ከእኛና ከአህዮች በቀር ማንም የለም፤ እሷ ግን ዝቅ ታደርጋለች። ክፍሉ የግጥም ምሽት አለው። ማንኛውም ግጥም መድረክ ላይ ከመነበቡ በፊት በኮሚቴ ይታያል። አንዱን የክፍሏን ልጅ ኮሚቴው ጠርቶ ጨለማ የምትለው የማንን ጨለማ ነው አለው። ማደሪያችን መብራት ጠፍቶ ነው ብሎ ማለ። አላመኑትም። ጨለማ ያልከውን ሁሉ ንጋት አድርገህ አምጣው አሉት። አደረገው። መድረክ ላይ ወጥቶ ንጋቱ መንገዴን ቢጋርድብኝ፣ ንጋቱ ውስጥ ብደናቀፍ እያለ ሲያነብ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ቀረ።

«እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም» አለችኝ። «ሳቄ ቢያመልጠኝስ?»

እኔ ሳቅሁ። ሳቄ ገደሉ ውስጥ ሲያስተጋባ እሷ ዞር ዞር ብላ አየች። ያኔ ነው የገባኝ። የምመኘው ቦታና የምኖርበት ቦታ አንድ ዓይነት ፍርሃት ነበር የሚፈሩት፤ ልዩነቱ የእነሱ ሰልፍ ያለው መሆኑ ነው።

ሥራው ግን አልጀመር አለ። ሴቶቹ እንቢ አሉ። የሞተ ሳይኖር ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ሞትን ጠርቶ ቤት ማስገባት ነው። እናቴም እንቢ አለች። ልጅቷ ለልምምድ ያህል ነው ብላ ለመነች።

«ሞት ልምምድ አያውቅም፣ ልጄ» አለቻት ጎረቤታችን አሮጊቷ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ መሀል አድርጋ። «አንዴ ከጠሩት ለእውነት ነው የሚመጣው።»

ባለ ቴፑ ከተቀመጠበት ጥግ ሆኖ ጠየቀ። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትስ፣ ሬሳው ሳይመጣስ፣ ምን ታደርጋላችሁ አለ። ለእሱ ምስል እናወጣለን ብለው ነገሩት። የሟቹን ልብስ አልጋ ላይ እንደ ሰው እንዘረጋዋለን፤ በሬሳው ፋንታ እሱን ከበን እናለቅሳለን። ይህን ሲሰማ ተነሳ፣ ጃኬቱን አወለቀ፣ እናቴ ፊት መሬት ላይ ዘረጋው። እንግዲያው በዚህ አልቅሱ አለ።

እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርገው ከመጽሐፍ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ሴቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አሮጊቷ ምርኩዟን ጥላ ጃኬቱን ከመሬት አነሣችና በግድ አለበሰችው፤ ፊቱ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችበት፣ ክፉው እንዲርቅለት። በቁሙ ራሱን ሊቀብር እኮ ነው፣ እናት የለውም እንዴ ይሄ ልጅ ትል ነበር። ልጅቷ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም። እናቴ ግን ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። እሱም፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብሎ አያት።

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። በማግስቱ የቴፑን ባትሪ ልንገዛ ገበያ ስንወርድ መንገድ ላይ አስቆምኩት። ወንድሜን ታውቀዋለህ አልኩት። ግራ ቀኙን አየ። አዎ አለ።

አንድ ክፍል፣ አንድ ማደሪያ ነበሩ። ወንድሜ ተወሰደ፤ ቆይቶ እሱም ታሰረ። እሱ ተፈታ። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ትምህርቱን እንዲቀጥል ተፈቀደለትና ከልጆች ጋር ይማራል። ወንድሜ አንድ ቀን ፎክሎር ክፍለ ጊዜ ላይ የእናታችንን ሙሾ በቃሉ ወጥቶ እንዳለው ነገረኝ። ለክፍሉ እናቴ ናት አላለም፤ አንዲት የላስታ ሴት ነው ያለው፤ ለእሱ ግን ማደሪያቸው ውስጥ ነግሮታል። መምህሩ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ያኔ መስኮት የሚዘጋው የውጭው ጫጫታ እንዳይገባ ነበር እንጂ የውስጡ እንዳይወጣ አልነበረም። ይህችን ሴት አንድ ቀን ሄደን እንቀዳታለን አለ መምህሩ። ቀኑ የደረሰው አሁን ነው።

«መምህሩ ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራ ነበር» አለኝ፣ መንገዱን እያየ። «ወንድምሽ ከተወሰደ በኋላም ተራው ሲደርስ ይጠራዋል። ዝም እንላለን። በማግስቱም ይጠራዋል። ዝም እንላለን። ከዚያ ሌላ ስም መጣ፣ ሌላ ዝምታ። አንድ ቀን መምህሩ መጥራቱን መሀል ላይ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ስም ጠርቶ አያውቅም። ስመለስም በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ሲቆጥረን አገኘሁት።»

ጃኬትህን ለምን ዘረጋህ አልኩት። እኔም እሱ የነበረበት እስር ቤት ነበርኩ፤ እኔም ልሞት እችል ነበር አለ። ለእናቴ እንዳልነግራት ለመነኝ። እሺ አልኩት። ቤት ስገባ እናቴ ምን አለሽ አለችኝ፤ ነገርኳት። እናቴን ዋሽቶ ማለፍ የቻለ ሰው አላውቅም። ልጄ ሙሾዬን በቃሉ ያውቀው ነበር እንዴ አለች። በጠዋት ወጥታ ሴቶቹን ሁሉ በየቤታቸው አዳረሰች። አወርዳለሁ፣ ምስሉንም እኔ አወጣለሁ አለቻቸው።

ምስሉን ከየት እንደምታወጣው ጠፍቶኝ አይደለም። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ ትቶት የሄደ አረንጓዴ ሹራብ ነበር፤ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ወልድያ ስማር በብርድ ልለብሰው ብለምናት የከለከለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሊቀ መንበሩ ያውቀዋል።

ተጣላን። አብደሻል አልኳት። ልታስፈጂን ነው አልኳት። ተማሪዎቹ ደጅ ተቀምጠው ስለሚሰሙ ነው እንጂ እጮህ ነበር። ስትሰማኝ ቆይታ ስትጨርሺ ውኃ ቅጂ አለችኝ።

«እሺ ሹራቡን አውጪ» አልኳት። «ስሙን ግን እንዳትጠሪ።»

«ስም ሳይጠራ የተለቀሰው ለማን እንደሆነ እግዜር በምን ያውቃል?»

«እግዜር ያውቃል። እኔ የምፈራው ሊቀ መንበሩ እንዳያውቅ ነው።»

«እሱም ያውቃል» አለች። እጠራለሁም አላለች፣ አልጠራምም አላለች።

ቀኑ ደመና ነበር። ከአቡነ ዮሴፍ በኩል ነጎድጓድ እየተሰማ ዝናብ ሳይመጣ እንቅዳ ተባለ። ከድንጋይ ቤታችን በታች ካለው ወይራ ሥር የጠፍር አልጋ አወጣን። ሴቶቹ መጡ። እንደ ጥናት አልመጡም። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አጣፍተው፣ ጠጉራቸውን ሳይሠሩ፣ ከታች ሰፈር ከላይ ሰፈር ዝም ብለው እየተከታተሉ ወጡ። ምንጭ ላይ አልቅሳ የተወሰደችው ሴትም መጣች። የግቢው ድንጋይ አጥር ሞላ።

ሊቀ መንበሩ ካኪውን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አብዮት ጠባቂውን አስከትሎ መጣና ወንበር ተሰጠው። ሕዝቡን አይቶ ይህ ሁሉ ሰው ለጥናት ነው ወይ አለ።

«ሙሾ ተቀባይ ከሌለው ምኑ ይጠናል፣ ጓድ?» አለችው አሮጊቷ። «ወረቀታቸው ላይ ሰፊው ሕዝብ አይልም? ይኸው ሰፋንላችሁ።»

እናቴ ከቤት ወጣች። ሹራቡን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። አልጋው ላይ ዘረጋችው፣ እጅጌዎቹን በደረቱ ላይ አጣጠፈቻቸው። ዓይኔን ሊቀ መንበሩ ላይ ተከልኩ። ሹራቡን ሲያይ እጁ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ወንድሜ ያንን ሹራብ ለብሶ ከአህያው ኋላ ሲሄድ አብሮት ሄዷል። አላወቀም ብዬ ራሴን ለማታለል እንኳ ፋታ አልሰጠኝም፤ ወዲያው አንገቱን ወደ መሬት ደፋ።

ማይክራፎኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ግጥሙን ልጽፍ ስለሆነ ያዢልኝ አለችኝ። ባለ ቴፑ ተንበርክኮ ቁልፉን ተጫነ። እናቴ አልጋው ራስጌ ቆመች።

እግሩ መንገድ ወዶ፣ ዓይኑ ፊደል ወዶ፣
ደጄን ጠላው መሰል፣ ቀረ በዚያው ነጉዶ።

ስሙ ላይ ደረሰች። ሴቶቹ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አነሡ። እናቴ ስም በሚጠራበት ቦታ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፣ ወዮ አለች፣ አለፈች። ሴቶቹ ወዮውን ተቀበሏት። እኔም ተነፈስኩ። ሌላ አወረደች።

ልብሱስ ይኸውና፣ ባለቤቱ የታል፣
ባዶ እጅጌ ይዤ ልቤ መች ይረታል።

እንደገና ወዮ። ሴቶቹ ያለቅሱ ጀመር፤ እውነተኛ ለቅሶ፣ ንፍጥ ያለው፣ ድምፅ የሚያሰልል። ምንጭ ላይ ያለቀሰችው ሴት አጥሩን ይዛ ትወዛወዛለች። ልጅቷ መጻፏን ትታለች። ባለ ቴፑ የሚሽከረከረውን ካሴት እያየ ዓይኑ ሳይርገበገብ እንባው በአገጩ ይወርዳል። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና የሊቀ መንበሩን ፊት አየ። ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ማን ማን እንደሆነ አያውቅም፤ አንድ ነገር እየተካሄደ መሆኑ ግን ገብቶታል። እኔ የምፈራው እሱን ሆነ። ሊቀ መንበሩ ዝም ሊል ቢፈልግ እንኳ ይሄ ሰው ምስክር ይሆንበታል ማለት ነው።

ሳጥኑን ስንጭን፣ ስንቁን ስንቋጥር፣
መመለሻውን ቀን ማን ነበር የሚቆጥር።

ሳጥን ስትል ሊቀ መንበሩ ቀና አለ። አሁን ትጠራዋለች አልኩ። ድምፅዋ ወደዚያ እየወጣ ነበር፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲነሣ አየሁት። በዚያች ቅጽበት ቴፑ ቀጭ አለ።

ባለ ቴፑ እጁን አነሣ። ካሴቱ አልቋል፣ ይቅርታ፣ ልገልብጠው አለ። ግቢ ሙሉ ሴት ለቅሶዋን እንደ ጉርሻ አፏ ውስጥ ይዛ ቆመች። ከዚህ በላይ አስቂኝ ነገር ሌላ ቀን ቢሆን ባልነበረ። ካሴቱን ሊያወጣ ሲሞክር ወደቀበት፤ ከአፈር አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገው፤ እንደገና ወደቀበት።

እናቴ ጎንበስ አለች። የሹራቡን እጅጌ አቃናች። ከዚያ ጠራችው። በሙሾ ድምፅ አይደለም። ልጅ ሆነን ውጭ ስንጫወት ምሳ ደርሷል ብላ ደጅ ላይ ቆማ በምትጠራው ድምፅ ነው። ስሙን ብቻ። አንድ ጊዜ።

ሴቶቹ ስም ሲጠራ መቀበል ልማዳቸው ነው፤ አፋቸው ተከፈተ፤ ግን ድምፅ አልወጣም። ሁሉም በአንድ ላይ ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱ። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ እንደ ከባድ በር መዘጋት ነው የሚመስለው። ማይክራፎኑ ከእጄ ወደቀ። አብዮት ጠባቂው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተነሣ። እናቴ ቀጥ ብላ ተመለከተችው።

«ሰማኸው?» አለችው። አንተ አለችው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ባለ ቴፑ ዞረ።

«ማሽኑ ጠፍቶ ነው ያለው?»

«ጠፍቷል» አለ ባለ ቴፑ።

«እንግዲያው አልተቀዳም» አለ ሊቀ መንበሩ። ለአብዮት ጠባቂው ይሁን ለራሱ የተናገረው አላወቅኩም። ባርኔጣውን አወለቀ። ላቡን ሊጠርግ ነው ብዬ ነበር፤ ጠረገ፤ ግን መልሶ አልደፋውም፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። «ቀጥሉ። ዝናብ ሳይመጣ ጥናቱ ይለቅ።»

ካሴቱ ተገለበጠ። እናቴ እስኪደክማት አወረደች። ስሙን ሁለተኛ አልጠራችም።

ተማሪዎቹ በማግስቱ ሄዱ። ባለ ቴፑ ሲሰናበት የእናቴን ጉልበት ሳመ፤ እሷም አንገቱን አቅፋ ጃኬትህን ደርብ፣ መንገዱ ብርድ ነው አለችው። እነሱ ሄዱ፤ ፍርሃቱን ግን ለእኛ ትተውልን ነው የሄዱት። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ እቆማለሁ። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ካየሁ ስለ እኛ ነው እላለሁ። ለእናቴ ሞቅ ያለ ልብስና በሶ በስልቻ አዘጋጅቼ በር አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ሲወስዷት ባዶ እጇን እንዳትሄድ። ስልቻውን አይታ በሶው ውስጥ ጨው ጨምሪበት አለችኝ። እሷ ተኝታ ታድር ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ሰው ተኝታ ታድር ነበር፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂው ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። እናቴን መጡ አልኳት፤ ስልቻውን አነሣሁ። እሷ ነጠላዋን አስተካከለችና ደጅ ወጣች። እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን እንደ ሕፃን ይዣለሁ። ሰውዬው ሲቀርብ በአንዱ እጁ ጠላ የሞላ ማሰሮ በጆሮው አንጠልጥሎ፣ እንዳይፈስበት ምላሱን አውጥቶ ነበር የሚራመደው። ከፊቱ የሊቀ መንበሩ ሚስት መሶብ ተሸክማ ትመጣለች። እዝን ነበር፤ ሰው ሲሞት ጎረቤት ለለቅሶ ቤት የሚወስደው እህል። ገብታ መሶቡን አስቀመጠች፤ ወንበር ስንሰጣት እንቢ ብላ እንደ ለቅሶ ደራሽ መሬት ተቀመጠች።

«ማን ላከሽ?» አለቻት እናቴ።

«ማንም። ባሌ እንዳያውቅ» አለች ሴትዮዋ።

የባሏ ጠባቂ ማሰሮውን የት ላስቀምጥ እያለ በር ላይ ቆሟል። እናቴ እሱን አየችና ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሴትዮዋም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። እኔ አልሳቅሁም፣ አላለቀስኩም። ስልቻውን ይዤ የጠመንጃውን አፈሙዝ ነበር የማየው። ስልቻውን መልሼ በሩ አጠገብ አኖርኩት፤ ከዚያ ያነሣሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ውጤት መጣ። ነጥቤ አልሞላም። ያንን ሁሉ ስፈራ የኖርኩት ቀበሌውን ነው፤ የጣለኝ ግን ሒሳብ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ ሳልሄድ ቀረሁ። ሊቀ መንበሩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ውጤትሽ እንዴት ሆነ አለኝ፤ ነገርኩት፤ ከልቡ ያዘነ መሰለኝ። ደብዳቤውን ጽፌው ነበር እኮ አለኝ። ምን እንደ ጻፈ አልጠየቅኩትም።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ሰው አግኝታ መልእክት ላከችልኝ። ካሴቱን ክፍል ውስጥ አሰምተውት ነበር አሉ። ባለ ቴፑ ሊመረቅ ነው። መምህሩ ደግሞ ዛሬም ስም አይጠራም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላት፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እስከ መጨረሻው ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። የሊቀ መንበሩ ሚስት ጋ ስደርስ ጠላው ቀጭን ነበር አለች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«የታለ ስሙ?» አለችኝ። «አልጠራሽውም እኮ።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።